የፎቶ ቤቱ ኮት

የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። አሁን መተዳደሪያዬ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ሆኗል። ወልዲያ ውስጥ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከየቤቱ የተሰበሰቡ የድሮ ደብዳቤዎችንና ፎቶግራፎችን እናጸዳለን፣ በስካነር እናነሳለን፣ የማን እንደሆኑ ጽፈን እናስቀምጣለን። ሥራው የተጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ብዙ ቤት ተዘርፎ፣ ብዙ አልበም ተቀዳዶ መንገድ ላይ ሲበተን፣ የተረፈውን እንኳ እናቆይ ያሉ ሰዎች አሰቡት። እኔን የቀጠሩኝ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ትችላለች ብለው ነው። እናቴ ግን "ወሬ መውደድሽ እንጀራ ሆነልሽ" ትላለች።

እውነቷን ነው። አንድ የቆየ ፖስታ ስከፍት እስካሁን ልቤ ይመታል። ከአሰብ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጂዳ የተጻፉ ደብዳቤዎች አሉን። ግማሹ ገጽ የጤና ጥያቄ ነው፤ የቀረው ግማሽ ለእከሌ ሰላም በሉልኝ፣ ለእከሊት ሰላም በሉልኝ ነው። ዋናዋ ጉዳይ ብቅ የምትለው ወረቀቱ ካለቀ በኋላ፣ በጠርዙ ላይ ወደ ጎን ተጽፋ ነው። አንዱ የውርጌሳ ልጅ ሚስት ማግባቱን ለእናቱ የነገራት በዚያች ጠርዝ ላይ ነው፤ ያውም ከበሬው ጤና ጥያቄ ቀጥሎ። እናቲቱ ምን ብለው መለሱ ይሆን እያልኩ ስንት ቀን አሰብሁ። መልሱ የለንም።

ፎቶዎቹም እንደዚያው ናቸው። በማሽላ ጎታ ውስጥ ተቀብረው የተረፉ አልበሞች ይመጡልናል፤ ስንገልጣቸው ነቀዝ ይረግፋል። ከጀርባቸው "ለማስታወሻ" የሚል ጽሑፍ የሌላቸው ጥቂት ናቸው። ያን ጊዜ ሰው ፎቶ የሚነሳው ለራሱ ቤት ሳይሆን ለጓደኛ ሊሰጥ ስለነበር፣ የአንድ ቤት ልጅ ፎቶ የሚገኘው ከሌላ ሰው ሣጥን ነው። ይህን ሳውቅ የሐብሩን ወረዳ ቤት ሁሉ በር እያንኳኳሁ "እስቲ ሣጥናችሁን አሳዩኝ" ማለት አማረኝ።

እኛ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ነበር። ወታደር ሆኖ ወጥቶ ያልተመለሰው የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከማርያም ሥዕል በስተቀኝ ተሰቅሏል። ኮት የለበሰ፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደረገ ወጣት ነው፤ ከንፈሩን ፎቶ አንሺው በቀለም አቅልቶለታል። እናቴ ጠዋት ስትነሳ ደህና አደርክ ትለዋለች። ቤት ውስጥ ዕቃ ሲጠፋባት "የት እንዳደረጉት አይተሃል" ትለዋለች። እኔ ሳመሽ ደግሞ ለእሱ ነው የምታማኝ። እሱ ሲሞት እሷ ገና ሕፃን ነበረች፤ ሌላ ወንድምም እህትም የላትም። ጦርነቱ መጥቶ ከወልዲያ ስንሸሽ እኔ ልብስና ዱቄት ስሸክፍ፣ እሷ ፍሬሙን ሰብራ ፎቶውን መቀነቷ ውስጥ አድርጋ ወጣች። ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር። "እሱ አለ" አለችና አዲስ ፍሬም ውስጥ አስገባችው።

ፎቶው እንዴት እንደተገኘ ደጋግማ ነግራኛለች። ከመርሳ በላይ ባለው መንደራቸው መርዶው ሲነገር፣ ቤት ውስጥ የልጁ ፎቶ አልነበረም፤ የተነሳውን ሁሉ ለጓደኞቹ አድሎታል። ታዲያ አልቃሿ ምን ይዛ ታልቅስ? ሐራ የሚኖሩ የአያቴ አጎት መንገዳቸውን ወደ መርሳ አደረጉና ከፎቶ ቤቱ በትልቁ አሳጥበው፣ በመስተዋት አስገጥመው፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ይዘውት ደረሱ። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። አልቃሿ ፎቶውን ከፍ አድርጋ ይዛ ስትዞር፣ እናቴ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መስተዋቱን ሳመችው። ከልጅነቷ ቁልጭ ብሎ የሚታያት ይኸው ነው።

ባለፈው በጋ የዚያው የመርሳ ፎቶ ቤት ኔጋቲቭ እጃችን ገባ። ባለቤቱ ካረፉ ቆይቷል፤ ልጃቸው ነው ሣጥኑን በባጃጅ ጭኖ ሚኒባስ መናኸሪያ ድረስ፣ ከዚያም ወልዲያ ድረስ ያመጣልን። አንድ በአንድ ብርሃን ላይ እያደረግሁ ሳይ የአጎቴን ኮት አወቅሁት። የደረት ኪሱ ጥግ የተተለተለ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ከሌሎቹ ይለያል። የለበሰው ግን ሌላ ልጅ ነበር። ቀጥሎ ያነሳሁትም ኔጋቲቭ ላይ ያው ኮት ነው፤ የለበሰው ደግሞ ሦስተኛ ሰው። አንዱን እጅጌው ያጥረዋል፤ ሌላው ውስጡ ጠፍቷል። ብቻዬን ሳቄ መጣ። የፎቶ ቤቱን ልጅ ብጠይቀው "የቤቱ ኮት ነዋ፤ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነበር የሚሰቀል፤ ከረባቱም አብሮት" አለኝ። የዚያ ዘመን የሐብሩ ጎረምሳ በሙሉ በአንድ ኮት ነው ሙሽራ የመሰለው።

ማታ ለእናቴ ነገርኋት።

"ወንድሜ ኮት አጥቶ ነው የሰው የሚለብስ?" አለችና ተኮሳተረች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ "እሷ የማታገኘው ጉድ የለ" አለችው።

ያልታወቁ ፎቶዎችን ባለቤት የምናገኝበት የራሳችን ዘዴ አለን። በገበያ ቀን መርሳ እንወርድና ከአንድ ማንጎ ዛፍ እስከ መብራት እንጨት ገመድ ወጥረን፣ የታተሙትን ፎቶዎች በልብስ መቆንጠጫ እንሰቅላለን። ሰው ሸቀጡን አስቀምጦ ያያል፣ ይሳሳቃል፣ ይከራከራል፣ በመጨረሻ "ይቺማ የእከሌ እናት ናት" ይለናል። ኮት ለባሾቹን ይዘን የወረድን ዕለት፣ ሰው ሥራችን እንዲገባው ብዬ የአጎቴን ፎቶ ቅጂ ከሁሉ በፊት ሰቀልሁት። ሌሎቹ ስም አልነበራቸውም። ከእሱ ሥር ግን ስሙን ከነአባቱ ጽፌ፣ "በውትድርና ላይ ሳለ ያረፈ፤ ነፍሱን ይማር" የሚል ካርድ አያያዝሁበት።

ገበያው ሊፈታ ሲል ከግራና መንደር ለገበያ የወረደች አንዲት ሴት ባዶ ዘንቢሏን ይዛ መጣች። በእናቴ ዕድሜ ትሆናለች፤ ሻሿን እስከ ግንባሯ አስራለች። ሌሎቹን አላየችም። ከመጀመሪያው ፎቶ ፊት ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ በጣቷ ካርዱን ነካች።

"ይቺ ምን ትላለች፣ ልጄ? እኔ ማንበብ አልችልም።"

ጮክ ብዬ አነበብሁላት።

ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ። እሷም እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠች።

"ማን ነገራችሁ?" አለችኝ። "መሞቱን ማን ነገራችሁ?"

"ያውቁት ኖሯል፣ እትዬ?"

"ወንድሜ ነው።"

እንደዚህ ያለ ነገር ይገጥመናል፤ ፎቶ ሲቆይ ሰው ይመሳሰላል። ጎንበስ ብዬ በትሕትና፣ "ይሄ እንኳ የእናቴ ወንድም ነው፤ ቤታችን ግድግዳ ላይ እያየሁት ነው ያደግሁት" አልኋት።

"ወላሂ ወንድሜ ነው" አለች። "እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። እኔን የት አደረጋችሁኝ?"

ሰው ተሰበሰበ። እዚያው ተቀምጣ ነገረችን። ልጅ ሳለች ወንድሟ ለገበያ ይዟት መጥቶ ፎቶ ቤት አስገባት። እሱ የቤቱን ኮት ለበሰ፤ ለእሷም የቤቱን የልጅ ጫማ አጠለቁላት፤ ሰፍቷት ስለነበር ጫፉ ውስጥ ወረቀት ጎሰጎሱበት። የታጠበው ፎቶ ሳይደርስ ወንድሟ ለሥራ አሰብ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወሬውም አልተሰማ። እናታቸው መርዶ ስላልመጣ አልሞተም ብለው ሲጠብቁ አረፉ። እሷም ስትጠብቅ ኖራለች፤ ፎቶ ግን አንድም የላትም።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፤ የሚነገረው ሰው የሚደገፍበት ትከሻ አጠገቡ ይኖራል። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ መሐል፣ ከካርድ ላይ አነበብሁላት። "የሞተው የእኔ አጎት ነው፤ የእርስዎ ወንድም መሞቱን ማንም አልነገረንም" ብዬ ላስረዳት ብሞክር፣ ያው ፎቶ ከፊታችን ተንጠልጥሏል። ሴቶች ደግፈው አስነሷት። የልጇን ስልክ ተቀብዬ፣ ኔጋቲቩን እንደምፈልግ ቃል ገብቼ ተለያየን። ካርዱን ነቅዬ ኪሴ ከተትሁት።

በማግስቱ ገና ካላየኋቸው መሐል፣ ከሣጥኑ ሥር አገኘሁት። አንገቱ ያው ዘንበል እንዳለ ነው፤ ከንፈሩ ግን አልቀላም። የእኛ ፎቶ ደረቱ ላይ ያልቃል፤ ኔጋቲቩ ግን ወደ ታች ይቀጥላል። ቀኝ እጁ ወርዶ ወርዶ፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ሕፃን ሁለት ጣቶቹን ጨብጣ ቆማለች። እግሯ ላይ ጀልባ የሚያክል ጫማ አለ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ፤ እንዲህ ያለ ግኝት በሥራችን ሁልጊዜ አይገኝም። እናቴ ትዝ ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

እንዴት እንደሆነ መገመት ብቻ ነው የምችለው። የሐራው ሽማግሌ ልጁን እምብዛም አላዩትም ነበር። ፎቶ አንሺው የትኛውን ሲላቸው፣ "ያንን ኮት የለበሰውን" ብለውት ይሆናል። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶችስ? ፎቶው ተልቋል፣ ቀለም ተቀብቷል፤ አልቃሿም ይዛ እየዞረች ነው። በለቅሶ መሐል ተነሥቶ "ይሄ እሱ አይደለም" የሚል ሰው ከየት ይመጣል? ፎቶ ሰው ይለውጣል ብለው አልቅሰው ሄደዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነና እኛም ይኸው እስከዛሬ አለን።

አብረውኝ ከሚሠሩት አንዷ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ "ለሴትዮዋ አትመሽ ስጫት፤ እናትሽን ተያት። ዝም አይነቅዝም" አለችኝ። ልክ ነበረች። ፎቶ እንደ በግ አይደለም፤ ሁለት ቤት ቢፈልገው ሁለት ይታተማል። የሚታተም ነገር ያልሆነው የእናቴ ወንድም ነው። ይህን ፊት ከወሰድሁባት የሚቀራት የለም፤ ጠዋት ደህና አደርክ የምትለው ሰው አይኖራትም። ለአንድ ሳምንት ያህል ቤት ስገባ ግድግዳውን ላለማየት አቀርቅሬ እገባ ነበር። በኋላ የግራናዋ ሴት በልጇ ስልክ ላከችብኝ። ፎቶውን መቀበል ብቻ አልፈለገችም። "የኖረበትን ቤት አሳዩኝ" አለች።

ስለዚህ ለእናቴ ነገርሁ። መናገር እንኳ አልተናገርሁም፤ ሙሉውን ኔጋቲቭ በትልቁ አትሜ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥሁት። መነጽሯን አደረገች። ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ።

"ይቺ ማን ናት?"

"እህቱ።"

"እህቱስ እኔ ነኝ" አለች።

የገበያውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስነግራት አላቋረጠችኝም፤ ይህ የእሷ ጠባይ አይደለም። ስጨርስ ለረዥም ጊዜ ጫማውን በጣቷ ስትደባብስ ቆየች።

"እናቴ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር የምትቀመጥ" አለች። "አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችውም። ሐዘኑ አላስችላት ብሎ ይመስለኝ ነበር።"

"አውቃ ነው?"

"እናት የልጇን መልክ ታጣዋለች?"

"ለምን አልተናገረችም ታዲያ?"

"እኔ ስስመው ታየኝ ነበር" አለች እናቴ።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነገር ነበርና መጠየቄን አልተውሁም፤ ቦታው እንዳልሆነ እያወቅሁ። በየዓመቱ መታሰቢያው ሲደርስ ጧፍ የሚበራው ከዚህ ፎቶ ፊት ነው። የግራናው ልጅ ደግሞ እስላም ነው። ያ ሁሉ ጸሎት ለማን ደረሰ አልኋት።

"ጸሎቱ በክርስትና ስሙ ነው የተደረሰ" አለችኝ ቆጣ ብላ። "እግዜር ፎቶ አያይም።" በማግስቱ ጠዋት ግን ተነሥታ ስትጠርግ ሰማኋት፤ ደህና አደርክ አላለችውም።

የግራናዋ ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ከልጇ ጋር መጣች፤ ማንጎ በዘንቢል ይዛልን። እናቴ በር ላይ ተቀብላ ስማት፣ ከፎቶው ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። ሴትዮዋ አየችው። እናቴ እሷን አየች። እኔ ሁለቱንም እያየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጠይቀው ጠፋኝ።

"ደህና አድርጋችሁ ይዛችሁታል" አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ።

"ያልሞተውን ሰው ሙት አድርገን አኖርነው፤ ይቅር በይን" አለች እናቴ።

"ዱዓ አደረጋችሁለት። ዱዓ ሰው ጎድቶ አያውቅም።" እጇን ሰድዳ የእናቴን ጉልበት ነካች። "እኔ መርዶ ስላልመጣ ማልቀስም አልቻልሁ፤ ካለቀስሁ ገደልሁት ማለት ነው። ለካ እዚህ ይለቀስለት ኖሯል።"

እናቴ ተነሥታ ፍሬሙን ልታወርድ እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ከለከለቻት። "የት ይሄዳል? ከመጣም መጥቶ ይወስደዋል፤ ይቆይ።" እሷ የተቀበለችው ሙሉውን፣ ራሷም ያለችበትን ነው። ደረቷ ላይ አድርጋ በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው።

ከዚያ እናቴ ጠየቀቻት። እኔን መሰለች፤ አታባራም። ምን ይወድ ነበር? ቁጡ ነበር? ድምፁስ? ሴትዮዋ ሸንኮራ ሲያኝክ ሰው እንዲያናግረው አይወድም ነበር አለች። ውሻ ይፈራ እንደነበረ፣ ሲሄድ ፈጥኖ ሰው ጥሎ እንደሚሄድ፣ ሲዘፍን ዜማው እንደሚጠፋበትና እሱ ግን እንደማይታወቀው ነገረቻት። እናቴ እየሳቀች ወደ ግድግዳው ዞረች። "ውሻ ትፈራለህ ለካ" አለችው። ስንት ዘመን ያማከረችውን ሰው ጠባይ ገና ያን ዕለት ሰማች።

"ያንቺስ ወንድም?" አለች ሴትዮዋ። "ልጅሽ ሣጥኑ ውስጥ ይኖር ይሆናል ብላኛለች። እስቲ መልኩን ንገሪኝ፤ እኔም በየገበያው እፈልጋለሁ።"

ላፕቶፑን ይዤ ነበርና ጠረጴዛው ላይ ከፈትሁት። ኮት ለባሾቹን አንድ በአንድ አሳልፍላት ጀመር። እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፣ መነጽሯን ጠርጋ አደረገች፣ እያንዳንዱን አየች። "ቆይ" ትለኛለች፤ ቆይታ "ቀጥይ" ትለኛለች። ወፍራሙን፣ ቀጭኑን፣ የሚስቀውን፣ የደነገጠውን አለፍናቸው። ሁሉንም አይታ ጨረሰች። መነጽሯን አወለቀች።

"ፊቱን አላውቀውም" አለች።

ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠጋች።

"በትከሻው ነበር የሚሸከመኝ" አለች እናቴ። "ቤተ ክርስቲያን ሲወስደኝ፣ ወንዝ ሲያሻግረኝ፣ ሁልጊዜ ትከሻው ላይ ነኝ። ግንባሩን ይዤ ነው የምሄድ። እኔ የማውቀው አናቱን ነው። ጠጉሩ አናቱ ላይ ሁለት ቦታ ይዞር ነበር፤ እዚህና እዚህ።" በጣቷ ከነጠላዋ በላይ የራሷን አናት ነካች፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ጎተተችና ወደኔ ቀና አለች፤ ሥራዬን አስመልክታ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሯን ጠየቀችኝ።

"ከላይ ያነሱት የለም?"

"የለም፣ እማዬ" አልኋት። "ሁሉም የተነሱት ከፊት ነው።"